ግልግል ያቆመው አበጋር

ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ፣ ሐይቁ ከኋላ ቀርቶ መንገዱ ወደ አምባሰል ተራሮች ሲያቀና፣ በስተግራ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ አንድ መንደር አለ። ሙሐመድሁሴን የዚያ መንደር ሰው ነው። ገበሬ ነው፤ በግብርናው ግን የሚያነሳው የለም። ማሽላው ከጎረቤቶቹ ማሽላ ያንሳል፣ አረሙም ይበዛል፤ ሰውየው ብዙውን ቀን የሚያሳልፈው እርሻው ላይ ሳይሆን ዋርካ ሥር ነውና። አበጋር ነው። አበጋር የተጣላ የሚያስታርቅ፣ ደም የተቃቡትን የሚገላግል፣ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድለት ሰው ነው። አባቱም አበጋር ነበር፤ የአባቱም አባት።

የእርቁ ሥርዓት እንዲህ ነው። ሁለቱ ወገኖች ዋርካው ሥር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን ይይዛል። አበጋሩ ሁሉንም አዳምጦ ፍርዱን ይናገራል፣ እጅ ይዘረጋል፣ ዱዓ ይደረጋል። ከዱዓው በኋላ አንድ ቃል አይጨመርም። ሁሉም ሽርጡን አራግፎ ይነሳና ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ አፉን የከፈተ ሰው የተዘጋውን ነገር እንደገና እንደከፈተ ይቆጠርበታል፤ ማንም ዞሮ አይሰማውም።

ሙሐመድሁሴን ይህን ሥርዓት ከዋርካው ሥር አውጥቶ ቤቱ ድረስ ይዞት ገብቷል። ሚስቱ ፈዲላ በሕይወት ሳለች፣ ወጡ ጨው አነሰው በሚል ሲነታረኩ እንኳ፣ ነገሩ ወደሱ ያጋደለ ሲመስለው እንደ ዱዓው መዝጊያ «አልፋቲሃ!» ብሎ እጁን ይዘረጋና ፊቱን አብሶ ውልቅ ይል ነበር። ፈዲላም ለጎረቤቶቿ «የኔ ሰውዬ ተሸንፎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ አስታርቆ ይወጣል» እያለች ታስቃቸው ነበር። ጨዋታ ነበር ያኔ። ይሄው ልማዱ አንድ ቀን የሰው ነፍስ ያስከፍላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ፈዲላ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር አለ። አንዲት ልጁ መስኡዳ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፣ «አባ፣ በልተሃል?» ትለዋለች፣ እሱም ሳይበላ «በልቻለሁ» ይላታል። የሚያስታርቅ ሰው ወዳጅ ይበዛለታል ይመስላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰው ወደሱ የሚመጣው ሲጣላ ነው። ሲታረቅ ደግሞ አብሮ የሚበላው ከታረቀው ሰው ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም። ሙሐመድሁሴን ይህን ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ግን ይከፋው ነበር።

ራዲዮኑ ሁሉ ስለ ለውጥ በሚያወራበት ሰሞን ተረከዙ ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ወጣ። እሾህ ነው ብሎ በመርፌ ነቀሰው። አልወጣም። ቅቤ ቀባው፤ ያው ነው። ነጥቡ ቀስ እያለ ሰፋ፣ ቆሰለ፣ ደማ። እሱ ግን የሌላ ሰው ቁስል ሲያይ የሚውል ሰው ነውና የራሱን ችላ አለው። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ሲያወጣ ነው መስኡዳ በስልክ አልቅሳ አስምላ ወደ ደሴ የላከችው።

ደሴ ላይ ዶክተር መቅዲ የምትባል ወጣት ሐኪም የተረከዙን ቁስል ቆርጣ አወጣችለትና ናሙናውን ለምርመራ አዲስ አበባ ላከችው። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ውጤቱን ሊሰማ ሄደ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጉልበት ለጉልበት ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም።

«አባቴ፣ ካንሰር ነው» አለችው ቀስ ብላ። «የቆዳ ካንሰር። አሁን የማስረዳዎት ነገር ትንሽ ይከብዳል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«አርሳለሁ። ሰውም አስታርቃለሁ።»

የልጅቷ ፊት በራ። ለማስረዳት ስትቸገር የኖረችው ነገር የሚገባው ሰው ፊቷ ተቀምጧል።

«እንግዲያው እንደርስዎ የሚገባው የለም። በደማችን ውስጥ ጠባቂዎች አሉ፤ ነጭ የደም ህዋሳት እንላቸዋለን። ተውሳክ ሲገባ ፈልገው ይገድሉታል። ካንሰር ደግሞ ከውጭ የመጣ አይደለም፤ ከራሳችን ሥጋ የሸፈተ ነው። ቢሆንም ጠባቂዎቹ ብዙ ጊዜ ይለዩታል። የእርስዎን ናሙና ያዩት ሐኪሞች ጠባቂዎቹን እጢው ዙሪያ አግኝተዋቸዋል። ደርሰዋል፤ ግን አልገቡም። ዳር ላይ ቆመዋል።»

«ለምን ቆሙ?»

«ከመካከላቸው ገላጋዮች አሉ። እነሱም እንደ ጠባቂዎቹ የደም ህዋሳት ናቸው፤ ሥራቸው ግን የጠባቂዎቹን እጅ መያዝ ነው። ‹ተው፣ ይሄ የራሳችን ሥጋ ነው፣ አትንኩት› የሚሉ ናቸው። ካንሰር ተንኮለኛ ነው። እነዚህን ገላጋዮች ወደራሱ ይጠራቸዋል፣ ዙሪያውን ይሰበስባቸዋል። ጠባቂዎቹ ተይዘው ሲቆሙ እሱ ይፋፋል።»

ሙሐመድሁሴን ዋርካ ሥር እንደሚቀመጠው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነበር የሚሰማት።

«በሽታዬን የሚጠብቁልኝ እንግዲህ ገላጋዮቹ ናቸው?»

«እጃቸው አለበት፣ አዎ። ግን እኮ...»

ለሱ ፍርዱ ተነገረ። «ግን እኮ» የሚለው ጆሮው አልገባም። እጁን ዘረጋ፣ «አልፋቲሃ» አለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዱዓውን ቀራ፣ ፊቱን አበሰና ተነሳ። ዶክተር መቅዲ አዛውንቱ ደንግጠው ጸሎት ያዙ ብላ በአክብሮት ዝም ብላ ጠበቀችው። ስታየው በሩን ከፍቷል። «አባቴ! አልጨረስኩም እኮ!» ብላ ተጣራች። ሰምቷታል። ከዱዓ በኋላ የሚጨመር ቃል ግን እሱ ዘንድ ወግ አይደለምና እያነከሰ ወጣ።

በሚኒባሱ ወደ ሐይቅ ሲመለስ ያስታረቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ፊቱ ቆሙ። ከሁሉም ይልቅ አንዲት ሴት አልሄድ አለችው። ኢንሳፍ ትባላለች። ባሏ በደበደባት ቁጥር «ተይ፣ የልጆችሽ አባት ነው» እያለ አስታርቆ ይመልሳት ነበር። በመጨረሻ ክንዷ ተሰብሮ ጠሞ ቀረ። ዛሬም ውጫሌ ገበያ ላይ በዚያ ክንዷ ሽንኩርት ስትመዝን ያያታል፤ ሰላም ስትለው ዓይኗን ማየት ያቅተዋል። አሁን ሐኪሟ ያለችው ነገር ከኢንሳፍ ክንድ ጋር ገጠመበት። ባልየውን የጠበቀው ማን ሆነና? እኔ፣ አለ በልቡ። ክፉውን ከብቤ፣ ሊቀጣው የመጣውን እጁን ይዤ፣ አፋፍቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ይሄንን ነው። አላህም በገዛ ገላዬ ላይ ጽፎ አሳየኝ።

እንዲህ ያለው ሐሳብ ለብቸኛ ሰው አደገኛ ነው። ፈዲላ ብትኖር «ኧረ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» ብላ በአንድ ቃል ታፈርሰው ነበር። አሁን የሚያፈርስለት የለምና ሐሳቡ ሥር ሰደደ።

ሰው መጣ፤ «ግልግል ትቻለሁ» አለው። ሌላ መጣ፤ እንዲሁ አለው። መጀመሪያ ሕመሙ ነው ብለው አዘኑለት። ቆይተው ኮራ አሉት። ከዚያ መምጣቱን ተዉት። ከሰላምታ በቀር ከሰው አፍ ቃል ሳይሰማ የሚውልባቸው ቀናት በዙ።

በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደረሰ። የመድፉ ድምፅ ከውጫሌ በኩል ሲቀርብ መንደሩ በአንድ ጠዋት ባዶ ሆነ፤ ከብቱን እየነዳ፣ ሕፃን አዝሎ ሁሉም ወደ ደሴ ሸሸ። ሙሐመድሁሴንን «ና» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። በክፋት አይደለም፤ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያስበው የቤቱን ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የማንም የቤት ሰው አልነበረም። ደጁ ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያልፍ አየ። ታጣቂዎቹ ሲመጡ ቤቱ ገቡ፣ ቁስሉን አዩት፣ አፍንጫቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ሳምንታት ከውሾችና ከሩቅ ከሚታየው ሐይቅ በቀር ጎረቤት አልነበረውም። ቆሎ እየቆረጠመ ኖረ። ስልኩም ሞቶ ነበርና መስኡዳ ትኑር አትኑር፣ እሷም እሱ ይኑር አይኑር ሳያውቁ ከረሙ።

ኅዳር ሲያልቅ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ ሰው ተመለሰ። ከመመለሱም ጣት መቀሳሰር ጀመረ። ማን በሬ ጠቆመ፣ ማን ቤት አሳየ፣ የማን ቤት ሳይነካ ቀረ። ሰላሀዲን የሚባል ጎልማሳ ማሽላውን ጓሮው ጉድጓድ ቀብሮ ነበር የሸሸው። ሲመለስ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ጠበቀው። ጉድጓዱን ሲቆፍር ያገዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ኢስሃቅ። የኢስሃቅ እህል ደግሞ ሳይነካ ተርፏል። ታጣቂዎቹ መሬቱን በብረት እየወጉ ሲፈልጉ ነበር የሚል ወሬም ነበር፤ የተራበ ቤተሰብ ይዞ ለተቀመጠው ለሰላሀዲን ግን ይህ አልተዋጠለትም። «እሱ ነው ያሳያቸው» አለ። ቀጥሎ ዝም አለ፤ የሚያስፈራውም ዝምታው ነበር።

የኢስሃቅ እናት ዑምኩልሱም ወደ ሙሐመድሁሴን ቤት መጣች። ባሏ ቀድሞ የሞተባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት ሴት ናት፤ ኢስሃቅ ታላቁ፣ ሙስዓብ ታናሹ።

«አንቱ አበጋር፣ ልጄን ሊገድሉብኝ ነው» አለችው ገና ከደጅ። «ሁለቱን ዋርካው ሥር ያውጡልኝ። ኢስሃቅ ቁርአን ይዞ ይምላል። ከማለ ደግሞ ሰላሀዲን ያምነዋል፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ተቃጥሎ ነው።»

«እኔ ትቻለሁ፣ ዑምኩልሱም።»

«የሰው ነፍስ ይተዋል እንዴ? ያ ረቢ!»

«ሐኪም ነግራኛለች። ቁስል ‹ተው፣ ተው› ሲሉት ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። እንደኔ ያለው ገላጋይ ነው ክፉውን የሚያፋፋው። ያጠፋ ካለ ሕግ ይጠይቀው።»

ዑምኩልሱም እግሩ ላይ ወደቀች። የታሰረውን ተረከዙን አቅፋ «ወላሂ አልነሳም» አለች። አመመው። ቀስ ብሎ እግሩን አላቀቀ። ወደ ጓዳ ገባና እስክትሄድ ድረስ አልወጣም። ልክ የሠራ መስሎት ነበር፤ ያን ቀን እንዲያውም ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቡ ቀለል ብሎት ዋለ።

የካቲት ላይ ኢስሃቅ ከውጫሌ ገበያ ሲመለስ ከመንደሩ በታች ማሽላው በታጨደበት ማሳ መሃል ተተኮሰበትና ሞተ። ሰላሀዲን ጠመንጃውን ተሸክሞ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። በቀብሩ ላይ ሙሐመድሁሴን ከሰው ኋላ ቆሞ ነበር። ማንም አላናገረውም። የሬሳውን ቃሬዛ ለመሸከም ሲጠጋ ሰዎቹ ቦታ ሳይሰጡት አለፉ።

መጋቢት ላይ ሆስፒታሉ እንደገና ሥራ ጀምሯል ሲባል ወደ ደሴ ሄደ። ንፍፊቱ እንደ ሎሚ አብጦ መራመድ ከልክሎታል። ዶክተር መቅዲ ቀጥናለች፤ እሷም በጦርነቱ ተሰዳ ነው የተመለሰችው። ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባቴ! ያኔ ሳልጨርስልዎት ሄዱብኝ እኮ።»

«ጨርሰሽ ነበር። ገላጋዮቹ ናቸው አልሽኝ።»

«ግማሹን ነው የነገርኩዎት። ገላጋዮቹ ባይኖሩማ ገና በጨቅላነታችን ነበር የምናልቀው። ያለ እነሱ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ጠባቂዎቻቸው የሚይዛቸው ስለሌለ አንጀታቸውን፣ ቆዳቸውን፣ ቆሽታቸውን ይወጋሉ። ልጁ በገዛ ጠባቂዎቹ ይሞታል። በውጭ አገር የጠባቂዎቹን እጅ የሚፈታ መድኃኒት አለ፤ እኛ ጋ የለም። ያ መድኃኒት ያዳናቸው አሉ፤ ጠባቂዎቻቸው ከካንሰሩ አልፈው የራሳቸውን አንጀት ያቆሰሉባቸውም አሉ። ገላጋይ ሁሉ ይጥፋ የሚል ሐኪም የለም። የሚፈለገው እጢው አጠገብ ያሉትን ብቻ ዞር ማድረግ ነው፤ እሱም ገና በደንብ አልተቻለም። የትኛው ጋ መያዝ፣ የትኛው ጋ መልቀቅ እንደሚገባ ማወቅ ነው ከባዱ።»

ሙሐመድሁሴን አሁን ገባው። ኢንሳፍ ዘንድ ሲይዝ መልቀቅ ነበረበት፤ ሰላሀዲን ዘንድ ሲለቅ መያዝ ነበረበት። ሁለቱንም ገልብጦ ሠርቷል።

«ይሄን ያኔ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ?»

«ከበሩ ጠራሁዎት። አልዞሩም።»

አፈረ። በዕድሜው እንዲያ ያፈረበት ጊዜ አልነበረም። በሽተኛ እንዳይመስል ብሎ ቀና ሊል ሞከረ፤ ትከሻው እምቢ አለው። ዶክተር መቅዲ ከዚያ በኋላ ስለ ንፍፊቱ፣ ስለ ደረቱ ራጅ፣ በሳንባው ላይ ስለታየው ነገር ነገረችው። ያለው ጊዜ ብዙ እንዳልሆነም አልደበቀችውም። እሱ እስከ መጨረሻው ሰማት፤ ሐሳቡ ግን ሙስዓብ ላይ ነበር። የወንድሙን ደም ይመልሳል ተብሎ የሚጠበቀው፣ የሰላሀዲን ታናሽ ወንድም ላይ ዓይኑን የጣለው ሙስዓብ ላይ።

ደም ሲፈስ አበጋር ከሽማግሎች ጋር ሆኖ የሟች ቤተሰብ ደጅ ይቀመጣል፤ መልስ እስኪያገኝ ድረስ እህል ውሃ አይቀምስም። ሙሐመድሁሴን ሽማግሎቹን ዞሮ ለመናቸው። «ያኔ የት ነበርክ?» ብለው መለሱት። እውነታቸውን ነው። ብቻውን ሄዶ የዑምኩልሱም ደጅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሙስዓብ ጠመንጃ አንግቶ አጠገቡ አለፈ፤ ሰላም አላለውም። ፀሐዩ ከረረ፣ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፈረ። ዑምኩልሱም በበሩ ስንጥቅ ታየዋለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወጣች።

«ምን ፈለጉ?»

«ሙስዓብ እንዲተርፍልሽ።»

«ኢስሃቅስ?»

ሁሉንም ነገራት። ሐኪሟን፣ ገላጋዮቹን፣ ግማሹን ሰምቶ መነሳቱን። ራሱን አልከለለም። ዑምኩልሱም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሰማችው።

«ይሄን ለማወቅ ደሴ ድረስ መሄድ ነበረብዎት?» አለችው። «እኔ እግርዎ ላይ ወድቄ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

ዑምኩልሱም ገብታ ውሃ በጣሳ ይዛ መጣች። «ይጠጡ» አለችው። በሥርዓቱ ይህ እሺታ ነው። ጣሳውን ግን እጁ ላይ አልሰጠችውም፤ መሬት ላይ አስቀምጣለት ተመለሰች።

እርቁ በግንቦት ሆነ። ሁለቱ ቤተሰቦች ዋርካው ሥር ተቀመጡ፤ የሰላሀዲን ወንድም አንገቱን ደፍቶ፣ ሙስዓብ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስተኝቶ። ሙሐመድሁሴንን ሰዎች ደግፈው ነው ያስቀመጡት፤ ድምፁ ደክሟል። የደም ካሳው፣ ጉማው፣ ተነገረ፣ መሐላው ተማለ፣ ደሙ እንዳይመለስ ቃል ተገባ። ለወትሮው ሴት እዚያ አትናገርም፤ እሱ ግን ወደ ዑምኩልሱም ዞሮ «የእናት ቃል ሳይሰማ አልዘጋም» አለ። ሰው አጉረመረመ። እሷ ተነሳች።

«የልጄን ደም ለአላህ ብዬ ይቅር ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ» አለች። «ሰላሀዲንንም አፉ ብያለሁ። ተርቦ ነው፤ ልጆቹ እያለቀሱበት ነው። ሙስዓብም እጁን አያነሳም፣ ጡቴን ይዤ አስምዬዋለሁ።» ከዚያ ወደ አበጋሩ ዞረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንቱን ግን አፉ አላልኩም። አልችልም።»

ሙሐመድሁሴን «ልክ ነሽ» አለ። ሌላ የሚናገር እንደሌለ አይቶ እጁን ለዱዓ ዘረጋ። ሥርዓቱ ሲያበቃ ሙስዓብ እናቱን በክንዷ ይዞ ቁልቁለቱን ወረደ።